የሚያቃስት መሪ ይዞ ሐረጎን መውጣት

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ልጄ ዳዊት የውጭውን በር በጀርባው ደግፎ ቆሟል። ሚስቱ የስንቁን ዘንቢል ይዛ በረንዳው ላይ ነች። የሟቹ ባለቤቴ እኅት ብዙነሽ ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከመኪናዋ ጎን ቆማለች። እኔ በመሪው በኩል ነኝ፤ ቁልፉ በእጄ ነው። መኪናዋ ባለቤቴ የተወልኝ አሮጌ ነጭ መኪና ስትሆን፣ ማታውኑ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙሬ ያሳደርኳት እኔ ነኝ።

ዳዊት በሩን ያልለቀቀው የሚናገረው ስለነበረው ነው። ረጅም መንገድ መንዳት ይብቃሽ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እኔም መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት እሱ ሳይወለድ መሆኑን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፤ ደሴ ደርሼ በራሴ እጅ ነድቼ ከተመለስኩ ነገሩን ዳግመኛ አያነሣም። መኪናዋን ሌላ ሰው ነድቶ ከመለሳት ግን ቁልፉን ለእሱ አስረክባለሁ። «ቃልሽ ነው እማዬ?» አለኝ። ቃሌ ነው አልኩት። ያን ጊዜ በሩን ከፈተ።

የምንሄደው ከድጃን ልንጠይቅ ነው። አባቴ ለሥራ ደሴ ተዛውሮ በነበረበት ዘመን ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰናል። አሁን ጉልበቷን ታማ ከቤት አትወጣም። መንገዱ ደህና ነው የሚል ወሬ ስሰማ ሌላ ቀን አልጠበቅኩም።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር መብራት አብርቼ ቀስ ብዬ በዋሻው አለፍኩ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ደብረ ሲና ስንገባ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። እኛ ዘንድ ቆሎ ተቆልቶ እስኪቀርብ እንግዳ ይጠብቃል፤ እዚህ ቆሎው ራሱ ሮጦ እንግዳውን ይይዘዋል። ብዙነሽ ገዝታ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ቆረጠመች። ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢዋን አወለቀች፣ ቀጥላ ሹራቧን አወለቀች፤ ከሚሴ ምሳ በልተን ስንነሣ ሌላ የምታወልቀው ስለሌላት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ማራገብ ያዘች። «ሰው እዚህ አገር ምን ኃጢአት ይሠራል፣ ቅጣቱን አስቀድሞ ተቀብሎ» አለችኝ።

ሐርቡ ልንደርስ ስንል መሪው ከበደኝ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ብዙም አይታወቅም ነበር፤ አንዲት ጋሪ ለማለፍ ሳዞር ግን የወፍጮ መጅ የምገፋ መሰለኝ። ከተማው ውስጥ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ፓፓያ የሚሸጥ አንድ ሰው ከመደቡ ተነሥቶ በመጣንበት በኩል አስፋልቱን አሳየኝ፤ ቀጭን ቀይ መስመር ተከትሎናል።

«እማማ፣ መኪናዎ ደም እየተፋች ነው» አለኝ።

ደም ሳይሆን የመሪ ዘይት ነበር። መሪው በጣት እንዲዞር የሚያደርገው ይህ ዘይት ነው፤ ፓምፕ እየገፋው በቱቦ ይዘዋወራል። ከጎናችን የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ አየና ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ እንደተሰነጠቀ ነገረኝ። ከራሱ ዘይት ቀንሶ ሞላልኝ፤ የተረፈውንም በጠርሙስ ሰጠኝና እየቆምኩ እየጨመርኩ ኮምቦልቻ ድረስ መሄድ እንደምችል አስረዳኝ። ስሙን ብጠይቀው «ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ይበቃኛል» ብሎ መኪናው ላይ ወጣ። ብዙነሽ ለዳዊት እንደውል ብላ ነበር። ለዳዊት የሚደወለው ሲደረስ ነው አልኳት።

ኮምቦልቻ የከድጃ ልጅ ዘሃራ አለች። ባሏን ይመር እለዋለሁ፤ ስሙ ሌላ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በማታ ፈረቃ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ደውዬለት ነበርና መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቀን። ወደ ቤት ሳይሆን ቀጥታ አብሮት በአንድ መስጊድ ወደሚሰግድ መካኒክ ወሰደን። መካኒኩ ሰኢድ ይባላል፤ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ፣ እየሠራ የሚናገር ሰው ነው። ቱቦውን ቀየረ፣ ዘይት ሞላ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ ከመሬት አንሥቶ መሪውን ደጋግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረ ዘይቱ ሲጎድል እየጨመረ አረፋው እስኪጠፋ ቆየ። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ጠየቅኩት። አዲስ ቱቦ ሲገባ አየር አብሮ ይገባል፤ አየሩ ካልወጣ መሪው ሲዞር ይጮሃል አለኝ።

ሲጨርስ ከጋራዡ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ወጣሁ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ይህን በደንብ ልብ ብያለሁ።

እነ ዘሃራ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠን እራት በላን። ስለ መንገዱ የነገርናቸውን ሁሉ ዘሃራ «አብሽሩ» እያለች ሰማችን፤ እኛ አይዞአችሁ የምንለውን እነሱ አብሽሩ ይሉታል፤ ቃሉ ከእኛው የበለጠ ደስታ አለው። የተኛነው መስኮት ከፍተን ነው። ደብረ ብርሃን መስኮት ከፍቶ የተኛ ሰው ጠዋት ጎረቤት ይጠይቀዋል።

ዓርብ ጠዋት ስንወጣ መኪናዋን አላወቅኳትም። ይመር ከሌሊት ሥራው ተመልሶ፣ ሳይተኛ፣ ከላይ እስከ ጎማዋ አጥቧታል። ኮፈኑን ከፍቶ የተረጨውን ዘይትና የመንገዱን ጭቃ ሳይቀር ከሞተሩ ላይ አስለቅቋል። ዓይኖቹ በእንቅልፍ ቀልተው ነበር። ለምን እንዲህ እንደደከመ ብጠይቀው «የእንግዳ መኪና በአቧራ አይሸኝም» አለ። እኛ አገር ለእንግዳ እግር መታጠቢያ ውኃ ይቀርባል፤ ለጎማ ሲቀርብ ያየሁት እዚህ ነው። አመስግኜው ወጣን።

ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ ግን መንገዱ ሐረጎ የሚባለውን ተራራ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በሰላም ዞርኩ። ከፍ እያልን ስንሄድ፣ መሪውን ባዞርኩ ቁጥር ከኮፈኑ ሥር የማቃሰት ድምፅ መምጣት ጀመረ። ሳቀናው ይተዋል፤ ሳዞረው ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ መሪው በእጄ ላይ ገታ ብሎ ይለቃል። ብዙነሽ ቆሎዋን አቁማ ማርያምን መጥራት ጀመረች። እኔ ከጭነት መኪና ኋላ ገብቼ በዝግታ ወጣሁ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ብዙነሽ ያወለቀችውን በተራ መልሳ ለበሰች።

ደሴ ገብተን ፒያሳ ስንደርስ መታጠፊያው በዛ፣ ድምፁም በዛ። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየናል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጎኔ መጥቶ አንገቱን አወጣና «እማማ፣ ጥጃዋን ቤት ትተውባት ነው እንዴ?» አለኝ። ብዙነሽ ልትመልስለት መስኮቱን ስትከፍት አለፍኩት።

ከድጃ በትር ተደግፋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ተቃቅፈን ቆየን። እንደተላቀቅን «ያ ድምፅ ያንቺ ነው? እኔ ደግሞ የሰፈራችን ወፍጮ በጁምዓም መፍጨት ጀመረ ብዬ ልቆጣ ነበር» አለችኝ። ገበታው ላይ ሽሮና ጎመን፣ የምስር ወጥም አለ። የጾም ቀናችንን እንዴት እንዳሰበችው ስጠይቃት፣ ዓርብ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሷ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ተማሪ ሳለንም ዓርብ ዓርብ ምሳ ስንካፈል ሥጋ ያለውን ወደ ራሷ ታዞር ነበር።

ከጁምዓ በኋላ ለሰኢድ ደወልኩ። ታፏጫለች ወይስ ታቃስታለች ብሎ ጠየቀኝ። ካፏጨች ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ማለት ነው፤ ካቃሰተች ግን ወይ አየር ገብቷል ወይ ፓምፑ ዘይት አጥቷል። ታቃስታለች አልኩት። እንግዲያው እዚያው አንድ ሰው ዘይቱን ይይላት፤ አረፋ ካለው ጥፋቱ የእኔ ነው አለ።

ቅዳሜ እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የሚገኝ አንድ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ወጣት ነው፤ ንጹሕ ቱታ ለብሷል፤ አነጋገሩ ጨዋ ነው። የዘይቱን ቋት ክዳን ከፍቶ በባትሪ አየ። ቋቱ አመድማ የላስቲክ ዕቃ ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ቀይ ነው፣ አረፋ የለውም። ቺንጋውን በጣቱ ተጫነው፤ ጠብቋል። ከዚያ ገብቶ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ያዘው። መኪናዋ አጓራች። ወጥቶ እጁን እየጠረገ ፓምፑ አልቋል፣ ይቀየር አለኝ።

ያለቀበትን ምክንያት ጠየቅኩት።

«እናቴ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ትልልቅ እናቶች ሲነዱ መሪውን እስከ ጫፍ አዙረው እንደ ምርኩዝ ይደገፉበታል። ፓምፕ የሚሞተው በዚያ ነው።»

«እስከ ጫፍ አዙረህ የያዝከው አሁን አንተ ነህ» አልኩት። «እኔ ሐሙስ ማታ አዙሬያት ዝም ብላለች። በአንድ ሌሊት ነው የደገፍኩባት?»

ፈገግ አለ። ፓምፑን ቀይርልኝ አላልኩትም፤ ክዳኑን ዘግቶ ሸኘን።

ከጋራዡ ስወጣ ብዙነሽ ስልኬን ጆሮዋ ላይ ይዛ ነበር፤ ዳዊት ነው። ሁሉንም ነግራዋለች፣ ምርኩዙንም ጭምር። ስልኩን ስቀበላት ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ይህ ከቁጣው ይልቅ ያሳስበኛል። «እማዬ፣ እዚያው ጋራዥ ተያት። ሰኞ በአውቶቡስ መጥቼ እኔ እነዳታለሁ። በተባባልነው መሠረት ነው» አለ። በተባባልነው መሠረት ሌላ ሰው ገና አልነዳትም አልኩት። እሑድ ማታ እደውልልሃለሁ፤ እስከዚያ ትኬት አትቁረጥ ብዬ ዘጋሁ።

ከድጃ ቤት ዶሮ ተሠርቶ ጠበቀን። ዶሮውን ያረደው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው፤ ለእንግዳ ሲሆን እንዲህ ይደረጋል። የእነ ከድጃ ዶሮ ደግሞ ለብቻው ታርዶ፣ በሌላ ድስት ተሠርቶ፣ በሌላ ሳህን ቀረበ። ሁለት ወጥ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን በላን። ደብረ ብርሃን ጎረቤት ሲጠራ ተጨማሪ ወንበር ይፈለጋል፤ እዚህ የሚፈለገው ተጨማሪ ድስት ነው። ያረደውም ጎረቤት አብሮን ተቀምጦ ነበር፤ የመሪውን ነገር ሲሰማ እሱም ፓምፕ ነው አለ። ደሴ ውስጥ ፓምፕ ነው ያላለኝ ከድጃ ብቻ ነበረች።

ስንለያይ ከድጃ በትሯን እየነቀነቀች «ትምህርት ቤትም እንዲህ ነበርሽ» አለችኝ። «አስተማሪው ተሳስተሻል ሲልሽ ሰሌዳው ላይ ወጥተሽ ሒሳቡን እንደገና ትሠሪው ነበር።»

«ትክክል ሆኜ ነዋ።»

«ብዙ ጊዜ ተሳስተሽ ነበር» አለች። «ግን ስህተቱን ራስሽ ነበር የምታገኚው።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ብዙነሽን ይዤ ሐረጎን ወረድኩ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ሆኜ ነው የወረድኩት። ያቃስታል፤ ግን ይታዘዛል። ከቁልቁለቱ በታች ሙቀቱ ሲቀበለን ብዙነሽ ማውለቅ ጀመረች።

ሰኢድ ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ፊቱ ጥሩ አልነበረም፤ ሥራው ተነቅፎ ተመልሶበታል። የተናገረው ጥቂት ነው። አዲሱን ቱቦ ጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ፤ ቱቦዎቹን ጠፍረው የሚይዙትን ቀለበቶች አጠበቀ፤ ጎማዎቹን አንሥቶ መሪውን አዞረ። ክዳኑን ነቅሎ መከላከያው ላይ አስቀመጠና ዘይቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አረፋ የለም፤ ዘይቱም አልጎደለም።

«ከእኔ ከወጣች ወዲህ ማን ነካት?» አለኝ።

«የሆጤው መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ አይቷል።»

«እሱ ሳያያት በፊት ነው ያቃሰተችው። ከዚያ በፊትስ?»

ማንም አልነካትም አልኩት፤ ያልኩትም አምኜበት ነው። ሰኢድ አንገቱን ደፋ። «ወላሂ እማማ፣ ፓምፑ ነው ላለማለት ነው እንጂ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም» አለ።

እኔ መከላከያው አጠገብ ነበርኩ። ክዳኑ ተገልብጦ ተቀምጧል። በጥርሱ ዙሪያ ስስ፣ ነጣ ያለ ጭራ ነገር ተጠምጥሞበት አየሁ። በጥፍሬ ያዝኩት። ሳብ ሳደርገው ለጠጥ ብሎ ተበጠሰ። ላስቲክ ነው፤ ስኳርና ጨው የሚቋጠርበት ስስ ላስቲክ።

ይህን ነገር ከሰኢድም ከሆጤው መካኒክም ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። በርበሬ ወይም ቅቤ መንገድ ሲሄድ የዕቃው አፍ በላስቲክ ይሸፈንና ክዳኑ በላዩ ይጠብቃል፤ እንዳይፈስ፣ ውኃም እንዳይገባበት። ክዳኑ ሲበዛ ከጠበቀ ላስቲኩ ዙሪያውን ይቆረጣል። ዙሪያው ክዳኑ ላይ ይቀራል፤ መኻሉ ዕቃው ውስጥ ይወድቃል። ከስንት በርበሬ ውስጥ በማንኪያ አውጥቻለሁ።

ሰኢድን ቋቱን ባዶ እንዲያደርገው ጠየቅኩት። ዘይቱ ሙሉ ነው እኮ አለ። ባዶ አድርገው አልኩት። ዘይቱን በትልቅ መርፌ እየሳበ ወደ ጣሳ ገለበጠ። ወደ ታች ሲደርስ ባትሪውን አስጠጋ። ከዚያ በቀጭን ሽቦ አንድ ክብ ላስቲክ አወጣ። በዘይት ውስጥ እያለ አይታይም፤ ዘይቱን መስሏል። ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቀዳዳ ከድኖት ነበር፤ መኻሉ ተስቦ እንደ ምላስ ሾሏል። ቋቱ ሙሉ ሆኖ ፓምፑ የጠማው በዚህ ነው።

«ይህ የላቫጆ ሥራ ነው» አለ ሰኢድ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። «ሞተር ሲያጥቡ ውኃ እንዳይገባ ብለው ነው። የት አሳጠቧት?»

ብዙነሽ አፏን ከፈተች። «ብዙነሽ፣ የሚጠጣ ውኃ ፈልጊልኝ» አልኳት። ዓይኔን አይታ ሄደች።

ሰኢድ ላስቲኩን ሽቦው ላይ እንዳንጠለጠለ ቀና ብሎ አየኝ። የት እንዳደርን ያውቃል፤ ወደ እሱ ያመጣን ማን እንደሆነም ያውቃል። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ላስቲኩን ጥሎ ቋቱን አጠበ፣ ንጹሕ ዘይት ሞላ፣ አየሩን አስወጣ። ገብቼ መሪውን ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ፣ ወደ ግራ እስከ ጫፍ አዞርኩት። ከጎረቤት ሱቅ የሚወጣው ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰኢድ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ስለ ፓምፑ ይሁን ስለ ራሱ መልካም ስም አላውቅም።

እዚያው ሆኜ ለዳዊት ደወልኩ። ምን ሆና ነበር አለኝ። ላስቲክ አልኩት። የምን ላስቲክ ቢለኝ፣ በርበሬ የሚታሰርበት ዓይነት አልኩት። «አሁን ዝም ብላለች?» ሲል ጠየቀ። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ በሌላው እጄ መሪውን አዞርኩ። «ሰማህ?» «ምንም አልሰማሁም» አለ። «እሱ ነው» አልኩት። ቀስ ብለሽ ንጂ ብሎ ዘጋ።

ማታውን እነ ዘሃራ ጋር አደርን። ይመር ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት መኪናዋ እንዴት ሆነች ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ተሠራች፣ ቀላል ነገር ነው አልኩት። ብዙነሽ እንጀራዋ ላይ አቀርቅራ ቀረች። ይመር ከዚያ ሰኢድም ወደሚሰግድበት መስጊድ፣ ከመስጊድ ወደ ፋብሪካ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ታጥባ ቆማለች። ይመር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ነው። ዘሃራ የተቀቀለ በቆሎና ፓፓያ በዘንቢላችን ጨመረች፤ ብዙነሽ ተመርቃ መረቀች፤ ዘሃራም አላህ መንገዱን ያግራላችሁ አለች።

ዘይት ልይ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። የመሪው ዘይት ቋት ላይ ላስቲክ አለ። ከክዳኑ በላይ ነው፤ አፉን ሸፍኖ ወደ ታች ወርዶ በነጭ የጨርቃ ጨርቅ ክር ዙሪያውን በጥንቃቄ ታስሯል። ክሩን ፈታሁ። ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ቀና ስል ይመር አጠገቤ ቆሟል፤ የሚያየው ባልዲውን ነው።

ላስቲኩን ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ገባሁ። በራቸው ጠባብ ነው፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ካላዞሩ አይወጣም። እስከ መጨረሻው አዙሬ ወጣሁ።